የወይዘሮ ደብሪቱ ቁራኛ

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ቁጣ ተሰምቶ አያውቅም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሾፌሮቹ ዘለው ይወርዱና አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው፣ የአንገታቸው ደም ሥር እንደ ገመድ ተወጥሮ ይጯጯሃሉ፤ ቆሞ ለሚያያቸው ሰው ግን በጆሮው የሚገባው «ይቅርታ ወንድምዓለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው»፣ «ኧረ በፍጹም፣ የኔ ነው» የሚል ነበር። ስታዲየም ውስጥ መቶ ሺህ ሰው ተነሥቶ፣ ምራቁን እየረጨ፣ ዳኛውን ሲመርቅ ይውላል። ባልና ሚስት ሳህን እየተወራወሩ ይሞጋገሳሉ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ልዝብ ናት፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ሕፃን በተወለደ በሳምንቱ ከክትባቱ ጋር ጆሮው ውስጥ የምትቀመጥ ነገር። ልዝብ ክፉ ቃል አታሳልፍም። ጅብ ቢጮኽባት እንኳ «ደኅና አምሹ» አሰኝታ ነው የምታስገባው። ሰው የራሱንም ድምፅ የሚሰማው በልዝብ በኩል ስለሆነ፣ ምን ሲናገር እንደዋለ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህች በለዘበች ከተማ አንዳርጌ የሚባል ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነበር። ፊልም ሠሪ ማለት ያንሰዋል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ቢፈለግ ወደር የማይገኝለት ሰው ነበር። ይህን ያለው ራሱ አንዳርጌ ነው፤ የተከራከረው ግን የለም። ሥራው ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው፣ በየስርቻው የራሳቸውን ሥርዓት አበጅተው የሚኖሩ ሰዎችን ማግኘት ነው። እሑድ እሑድ ጎማ በሌለው አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበው ተቀምጠው፣ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ባለ ቁጥር እንባቸውን የሚያፈሱትን ሰዎች ለዓለም ያሳየ እሱ ነው። ተጀምሮ በቀረ ፎቅ፣ በቆመ ሊፍት ውስጥ ተጋብተው ሊፍት ውስጥ የሚወልዱትን ያገኘ እሱ ነው። ጣሪያ ላይ ንብ እያረቡ ከንቦቹ በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገሩትን ባሕታውያን፣ ተነድፎ ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ እስኪያብጥ አብሯቸው ከርሞ፣ የቀረጸ እሱ ነው።

«አብሬያቸው ካልበላሁ፣ አብሬያቸው ካልተኛሁ ካሜራዬን አልከፍትም» ይላል በየመድረኩ። «የኔ ሀብት ዓይን አይደለም፣ ጆሮ ነው። አንዳርጌ ያልሰማውን እግዜርም አልሰማውም!»

ከፊልሞቹ ሁሉ አገር ያንቀጠቀጠው «የደጅ ሰዎች» ነው። እንኮይ ሰፈር ከፈረሰ በኋላ በቦታው ሰፊ አደባባይና መስታወት የለበሱ ፎቆች ተሠሩ። ነዋሪዎቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው እየመጡ፣ እያንዳንዳቸው የቤታቸው ደጃፍ በነበረበት ቦታ ልክ ይቀመጣሉ። አንዱ ፏፏቴው አጠገብ፣ አንዷ የባንኩ በር ላይ፣ አንዱ የመኪናው መንገድ መሃል። አይለምኑም፣ ሰልፍ አይወጡም፤ ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ በቃ። ከነሱ መሃል ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ሲፈርስ ግድግዳው ልጃቸውን ውብሸትን ተጭኖ ገድሎታል። አንዳርጌ ከፊታቸው ተንበርክኮ «ይንገሩኝ እናቴ» አላቸው። ነገሩት። ሲነግሩት አለቀሰ። ማታውኑ ተቀምጦ የተናገሩትን ቃል በቃል ከምስሉ ሥር በገዛ እጁ ጻፈ፦ «ለአዲሱ ሰፈራችን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ልጄ ውብሸትም ደስ ብሎታል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር አገር አዳረሰች። ፊልሙን ያስተላለፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ናሆም ለፎቆቹ ባለቤት ሸጣት፤ የወይዘሮ ደብሪቱ ፊት አሥራ ሁለት ፎቅ ቁመት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ከሥሩ ጽሑፉ። ሴትዮዋን አገር «አመስጋኟ እናት» ብሎ ጠራቸው። ሙሽሮች ከፊታቸው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሡ ጀመር።

አንዳርጌም ሽልማት በሽልማት ላይ ደረበ። የሥራ ዘመኑ ሠላሳኛ ዓመት በትልቁ አዳራሽ ሊከበርለት ጥቂት ቀን ሲቀረው ናሆም ጠራውና፣ «ጋሼ አንዳርጌ፣ ለበዓሉ አዲስ ነገር ብታሳየን» አለው። አንዳርጌም አንድ ወሬ ደርሶት ነበርና ደረቱን ነፋ። «ያልታየ አመጣልሃለሁ። ልዝባቸውን ከጆሯቸው አውጥተው የሚካሰሱ ሰዎች አሉ። ቃሊቲ ነው የሚሰበሰቡት። እንደ ጥንቱ፣ በበላ ልበልሃ!»

ከቆዳ ፋብሪካ የተረፈ መጋዘን ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ግድግዳው ግን ዛሬም ቆዳ ቆዳ ይሸታል። አንዳርጌ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ ሲገባ፣ ወንዱም ሴቱም ነጠላውን እንደ ጥንት ተሟጋች አደግድጎ፣ ከዘራ ይዞ፣ ክብ ሠርቶ ቆሟል። በሩ ላይ ዘርይሁን የሚባል፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ አጋፋሪ አስቆመው።

«ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?»

«እኔ አንዳርጌ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

«ፊልም ሠሪ ነኝ፣ ልጄ። ጥግ ይዤ አያለሁ። አንዳችሁንም እንኳ አላስቀይምም።»

«እዚህ ተመልካች የለም» አለ ዘርይሁን። «የገባ ሰው ከሳሽ ነው ወይ ተከሳሽ ነው። መንገድ ጠፍቶት የገባ ደግሞ ዳኛ ይሆናል። አንዱን ይምረጡ።»

አንዳርጌ ሊመርጥ አልደረሰም። ከክቡ መሃል አንዲት ቀጭን አሮጊት ከዘራቸውን እየወዘወዙ ወጡ። እያየ ፊታቸውን ለየው፤ አሥራ ሁለት ፎቅ ሆኖ ያየውን ፊት እንዴት ይስተው? «እናቴ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ ደብሪቱ እጁን አልነኩትም። የኮቱን ጫፍ ለቀም አድርገው ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

ጆሮው የሰማው «እንኳን ደኅና መጣህልኝ» የሚል ነበር። ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም።

«ከሰውዎታል» አለው ዘርይሁን። «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ቁራኛ ናችሁ። ፍርድ እስኪያልቅ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ማታም በመጋረጃ ማዶና ማዶ ሆናችሁ ቋጠሮው አይፈታም። ልዝቡን ያውጡ። በምን ይወራረዳሉ?»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ይሸሻል። አንዳርጌ ግን በልቡ «ምን ዓይነት ፊልም ነው!» እያለ ነበር። «በገንቦ ማር!» አለ፣ አንድ ጣሳ ማር እንኳ ሳይኖረው። ጆሮውን በጣቱ ቢጎረጉር ያቺ ምስር አልወጣ አለች። ዘርይሁን በወረንጦ አወጣለትና መያዣ ትሁን ብሎ ውርርዱ በሚቀመጥበት የማር ማሰሮ ውስጥ ጣላት። ቀስ ብላ ሰመጠች።

በዚያች ቅጽበት አዲስ አበባ በአንዳርጌ ጆሮ ገባች። ከውጭ ያለው መንገድ፣ ጎዳናው፣ ሰፈሩ፣ ሁሉም ይራገማል። ሾፌሩ እግረኛውን፣ እግረኛው ባለሱቁን፣ ባለሱቁ የፈጠረውን። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሽቅብ የተነፈሰ፣ ማንም ያልሰማው፣ ተናጋሪውም የማያውቀው ስድብ ከሰማይ እንደ በረዶ ወረደበት። አንዳርጌ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እጅህን አውርድ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። እንደ ሞረድ ይጎረብጣል። «ልትሰማኝ ነው የመጣኸው። ስማ።»

ዳኛ ጠፋ። በሥርዓቱ ዳኛ የሚሆነው መንገደኛ ነው። ዘርይሁን ወጣ ብሎ በግ ጠፍቶት የሚፈልግ፣ አቶ ሰይፈ የሚባል ሰው እሺ አሰኝቶ አስገባ። ልዝቡን ሲያወጡለት ሰውዬው መጀመሪያ የሰማው የራሱን ድምፅ ነበር፤ «እናንተ ሌቦች፣ በጌን የት አደረሳችሁት!» ብሎ ሲጮኽ ራሱ ደንግጦ አፉን ያዘ።

«ግድ የለም፣ እኛ አልወሰድንም» አለው ዘርይሁን። «ይቀመጡና ይፍረዱ፤ በግዎን በኋላ አብረን እንፈልጋለን።»

«ነጭ ነው። ግንባሩ ላይ ጥቁር አለበት።»

«እሺ፣ ክቡር ዳኛ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«በላ ልበልህ!
ቤቴን ሲያፈርሱት ግድግዳው ወደቀ፣
ከግድግዳው ሥር ልጄ ደቀቀ፣
አፌ ረገመ፣ እጅህ መረቀ፤
የማን ጆሮ ነው እንዲህ የረቀቀ?»

ክቡ «ኧረ በሉት!» አለ። አንዳርጌ ደሙ ፈላ። በሠላሳ ዓመት ማንም እንዲህ ተናግሮት አያውቅም፤ ወይም የተናገረው ሁሉ አልተሰማውም።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ቃል አልቀይርም! ፊልሙን ከነጥሬው ይዤዋለሁ። ያሉትን ነው የጻፍኩት፣ ነጥብ አልጨመርኩም! እስቲ ይሰማ!» ብሎ ካሜራውን ከፈተ።

ምስሉ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ በዱካ ላይ፣ ከጀርባቸው መስታወት የለበሰው ፎቅ። ድምፁም መጣ። ድምፁን ማንም አልነካውም፤ ፊልሙ እንደተቀረጸ ነበር፣ የለዘበው ጆሮው ነው።

«ይህን ግድግዳ የገፋ እጅ ልጁን አይቀፍበት። በልጄ ደም ላይ የቆመው ፎቅ መስኮቱ አይብራ። ከኔ ደጅ ላይ ተቀምጣችሁ የምትጎርሱት በጉሮሯችሁ ይቁም። ውብሸቴን በላችሁት። ውብሸቴ ይብላችሁ።»

ከምስሉ ሥር የአንዳርጌ ጽሑፍ እያለፈ ነበር፦ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ልጄ ውብሸትም ደስ ብሎታል።

«አየኸው?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ግጥሙን ትተውት ነበር። «ልጄ የሞተ ዕለት ስጮኽ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ‹ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል› የሚል ነበር። ሬሳው እግሬ ሥር ነው፤ እኔ ደስ ይለኛል! ያን ጊዜ ነው ይህን ጉድ በጣቴ ቦጭቄ ያወጣሁት፤ ጆሮዬ ደማ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሁሉ ፊት እየዞርኩ ጮኽኩ። ሁሉ ፈገግ ይልልኛል። አንተ መጣህ። ስረግም አለቀስክ። አልቅሰሃል፣ አላለቀስክም?»

«አልቅሻለሁ።»

«ለምን አለቀስክ?»

አንዳርጌ ካሜራውን ዘጋ። «እንዲህ ያለ... ይቅር ባይ ልብ አይቼ አላውቅም ነበር። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

«እኔ ደግሞ የሰማኸኝ መስሎኝ፣ ይሄ ሰው ሰምቶኛል ብዬ ልጄን ሰጠሁህ። አንተም ወስደህ ለገዳዮቹ ሸለምክልኝ። ዛሬ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ‹አመስጋኟ እናት› ይለኛል። ሙሽራ ይስመኛል!»

አንዳርጌ ተናደደ። የተናደደው በማን እንደሆነ ገና አልለየም። ከዘራ ተውሶ መሃል ገባ።

«በላ ልበልዎ!
አገር በሙሉ ጥጥ ወትፎ ተኝቶ፣
እንዴት ይከሰሳል አንዱ ተለይቶ?
እንደ ሰው ሰማሁኝ፣ እንደ ሰው ጻፍኩኝ፣
ሰው ሁሉ በሠራው ለምን ተያዝኩኝ?»

ጥሩ ብሏል። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ሳይተነፍሱ መለሱ።

«ሰው ሁሉማ መቼ እደጄ መጣ፣
‹ይንገሩኝ እናቴ› ብሎ እንባ ሊያወጣ?»

ክቡ ፈነዳ። አቶ ሰይፈ በጉን ረስቶ ነበር። ተነሥቶም እንዲህ ፈረደ። «እኔ ሕግ አላውቅም። ሰውዬው ጆሮውን ተማምኖ ነው፣ ጆሮው ደግሞ ከዳው፤ ይኼ አንድ ነገር ነው። የሴትዮዋ እርግማን ግን ልክ እንደ በጌ ነው፤ ከወጣ ባለቤቱ ዘንድ አልገባም። ስለዚህ ተከሳሽ ያስገባው። ከዚህ ክብ ውጭ ያለ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እርግማኑን በጥሬው እስኪሰማ ድረስ ቋጠሮው አይፈታ።»

«አንድ ሰው?» አንዳርጌ ሳቀ። ጉራው ተመልሶለት ነበር። «ክቡር ዳኛ፣ እኔ አገር አሰማለሁ!»

ዘርይሁን ሲሸኘው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ጋሼ፣ የሰው ልዝብ በእጅ ማውጣት ወንጀል ነው። እኛ እዚህ የምናወጣው በገዛ ፈቃዱ ለገባ ነው። ውጭ ቢሞክሩት ይታሰራሉ፤ ካሜራም ዳግመኛ አይነኩም። በሌላ መንገድ ያድርጉት።»

በሌላ መንገድ ሞከረ። ያ ሳምንት ለአንዳርጌ የሠላሳ ዓመት ያህል ነበር። ጠዋት ከአሮጊቷ ጋር ተቋጥሮ ከቤቱ ሲወጣ፣ ዘበኛው አያልነህ እንደ ወትሮው ኮፍያውን አንሥቶ፣ ጥርሱን ፈልቅቆ፣ «ይሄ የተነፋ ፊኛ፣ ዛሬ ደግሞ ከየት የለቀማትን አሮጊት ነው የሚጎትተው? መንገድ ላይ ያስቀርህ!» አለው። አንዳርጌ ለዘመናት «ጋሼ፣ በደኅና ይዋሉ» ሲለው የሰማው መሆኑን አሰበና ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኝ?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «እኔን መንገደኛው ሁሉ ከዚህ የባሰ ይለኛል። እሱ ራሱ አያውቅም፤ አትቀየመው።»

ናሆም ቢሮ ገቡ። አንዳርጌ የፊልሙን ጽሑፍ አርሞ፣ እርግማኑን እንዳለ አስፍሮ አመጣ። ናሆም አነበበ፤ ፊልሙን ከፍቶ ከድምፁ ጋር አስተያየ፤ ደግ ፊቱን ሳይለውጥ እንዲህ አለ። «አንተ የጃጀህ ውሻ፣ ጽሑፉ ከሚሰማው ጋር አይገጥምም እኮ! ሴትዮዋ ‹አመሰግናለሁ› እያለች ከሥር ‹ይብላችሁ› ብንል ተመልካቹ ተሳሳቱ ይለናል። በበዓልህ ዋዜማ ልታዋርደኝ ነው?» ከዚያ በፍቅር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰደብኩ ብሎ አላሰበም። ቋጠሮውንም አይቶ ነበር። «ይኼን ሐሳብ ግን ወደድኩት፤ እናትና ልጅ ሆናችሁ መድረክ ላይ እንዲሁ ተቋጥራችሁ ውጡልኝ» አለ።

አንዳርጌ ከዚያ በኋላ ያላንኳኳው በር የለም። ሐኪም፣ ቄስ፣ የሠፈር ሽማግሌ። ወይዘሮ ደብሪቱ በየፊታቸው እየቆሙ ረገሙ፤ ሁሉም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አሜን» አሉ። ልዝባችሁን አውጡ ብሎ ሲቆጣቸው የሚሰሙት ሌላ ነው፤ ምን እንደሚሰሙ አያውቅም፣ ብቻ ጆሯቸውን በደስታ ያሻሹለታል። በጽሑፍ ጻፈላቸው፤ አንብበው ሳቁ፤ «አንዳርጌ ነው፣ ያበዛል» አሉ። ሕይወቱን ሙሉ ያበዛ ሰው፣ ያላበዛት አንዲት ነገር አልታመን አለችው። ቁጣው በደረቱ ውስጥ እንደ ጠላ ጋን ይፈላ ጀመር፤ የት ያፍስሰው?

«ተወው» አሉት ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ቀን፣ አደባባዩ ላይ፣ ደጃቸው በነበረበት ቦታ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፤ እሱ አጠገባቸው መሬት ላይ። ከላያቸው አሥራ ሁለት ፎቅ የሆነው ፊታቸው ፈገግ ብሏል። «እኔ ለምጄዋለሁ። አንተ ገና ነህና ትታመም ይሆናል።»

«አልተውም! አንዳርጌ እኮ ነኝ!»

«አዎ፣ እሱን ሰምቻለሁ» አሉ፣ ከተቋጠሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ ብለው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ባለሥልጣኑ፣ አርቲስቱ፣ የፎቆቹ ባለቤት ከነቤተሰቡ፣ አንድም ሳይቀር። «የደጅ ሰዎች» እንደገና ታየ። እርግማኑ አዳራሹን ሞላው፤ የኮርኒሱ መብራት እስኪንቀጠቀጥ። ሰው በየመሐረቡ እንባውን ያብስ ነበር። ከአዳራሹ ሁሉ ያንን የሰሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ከመጋረጃው ጀርባ ተቋጥረው ቆመዋል።

ወጡ። አገር ቆሞ ተቀበላቸው። ናሆም ሐውልት የሚመስል ሽልማት ይዞ መድረኩ ላይ ይጠብቃል። አንዳርጌ ማይኩን ጨበጠ።

«እናንተ ጆሮ ያላችሁ ደንቆሮዎች!»

ጭብጨባ።

«ሬሳ ላይ ነው የምታጨበጭቡት! ይህች ሴት እየረገመቻችሁ ነው! ልጇን ገድላችሁ ስሟን በምስጋና ቀየራችሁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩላችሁ፣ እኔ!»

ጭብጨባው በረታ። አንዱ ሚኒስትር ተነሣ፣ ሌላውም ተነሣ። አንዳርጌ በዚያ ሳምንት ከዘበኛው ከአያልነህ የተማረውን ስድብ አንድም ሳያስቀር አወረደው። ከዚያ የራሱን ፈጠረ። ከአባታቸው ጀምሮ እስከ ሰባት ቤታቸው ሰደባቸው። በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ ስድብ ከዚያ በፊት አልተሰደበም፤ ለዚህ እማኝ አሉ፣ እማኟ ግን ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። በየስድቡ ማብቂያ አዳራሹ እንደ ባሕር ተነሥቶ ይወድቃል። የፎቆቹ ባለቤት በሁለት እጁ መሳሳም ወረወረለት። አንዳርጌ ድምፁ ተቆረጠ። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ከዚህ በላይ የሚጮኽበት ጉሮሮ አልነበረውም።

ዞሮ ናሆምን አየው። ናሆም እያለቀሰ ነበር፤ ከደስታ። «ይሄ ሽማግሌ ውሻ፣ ልቤን ነካው» ይላል።

አንዳርጌ የዘርይሁንን ቃል አልረሳም። ካሜራውን አሰበ፤ ያልቀረጻቸውን፣ ገና በየስርቻው ያሉትን ሰዎች ሁሉ አሰበ። ከዚያ ናሆምን አቀፈው። «አቤት ፍቅር!» አለ አዳራሹ። በአንድ ክንዱ አንገቱን ቆልፎ፣ በሌላ እጁ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ። ናሆም ጮኸ። ሰው አጨበጨበ። ደም የነካት አንዲት ምስር መድረኩ ላይ ወደቀች፤ አንዳርጌ በተረከዙ ጨፈለቃት።

«እማማ፣ አሁን» አለ በተቆረጠ ድምፁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አልጮኹም። ናሆም ፊት ቆመው፣ ዓይኑን እያዩ፣ ዝቅ ባለች በዚያች ሞረድ ድምፃቸው ነገሩት።

«ውብሸት ዱካዬን ሊያወጣልኝ ነው የገባ። ‹እማዬ በምን ትቀመጣለች› ብሎ። ግሬደሩ ያላየው መስሎኝ ‹ልጅ አለ!› እያልኩ ጮኽኩ። ነጂው ሰምቶኝ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ምን ብዬ እንደሰማኝ እንጃ። ፈገግ ብሎ ገፋው። ዱካው አልተሰበረም፤ ከእቅፉ ውስጥ ነው ያወጡት። አንተ ልጄ ‹ደስ ብሎታል› ብለህ ሸጥከው። ደስታህ እንደሱ ደስታ ይሁንልህ። ሰማኸኝ?»

የናሆም ፊት ላይ ያለው ፈገግታ ቦታ አጥቶ ቆየ። ሽልማቱ ከእጁ ወደቀ። አዳራሹን ዞሮ አየ፤ ሁሉም ቆመው ያጨበጭባሉ።

«አታጨብጭቡ!» አለ። የራሱ ድምፅ ነው፤ ሰምቶት አያውቅም ነበርና ከማን እንደወጣ ፈለገው። «ምን ሆናችኋል? ልጅ ሞቷል ትላለች! ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ እናንተ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀ።

ጥበቃዎች ሮጠው አንዳርጌን በሁለት በኩል ያዙት። ሁለቱም በጆሮው ሥር ዘሩን፣ እናቱን፣ የበላበትን ሞሰብ ሳይቀር እያነሡ ይራገማሉ። ሊጎትቱት ሲሉ ኮቱ ያዛቸው፤ ተቋጥሯል። ወይዘሮ ደብሪቱ ቋጠሮውን በጣታቸው ቢሞክሩት እምቢ አለ፤ ጎንበስ ብለው በቀሩት ጥርሶቻቸው ነክሰው ፈቱት።

«ሂድ» አሉት። «አንተ ሰምተሃል፣ አሰምተሃልም። ዕዳ የለብህም።»

«እማማ፣ ከዚህ በኋላስ? ብቻዎን...»

«ሂድ ብያለሁ፤ ብዙ አታውራ።»

አንዳርጌ ደረጃውን እየተጎተተ ሲወርድ ዞሮ አየ። ወይዘሮ ደብሪቱ የናሆምን የሐር ኮት ጫፍ ይዘው ከነጠላቸው ጋር ይቋጥሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ አድርገው። ናሆም እጁን አልሰበሰበም። ቋጠሮውን እያየ፣ «ቀጠሮው መቼ ነው?» አለ።

«አሁን ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፤ ፊታቸውንም ወደሚያጨበጭበው አዳራሽ መለሱና ዳኛ የሚሆን አንድ መንገደኛ በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር።